የሕፃናትን የሃይማኖት ትምህርት ስለ መምራት

ለአዲስ ኃላፊዎችና ለረዳት አስተማሪዎች የተዘጋጀ ጥናት

አስቀድሞ የሚነበብ፦ ዘዳግም 6፥4-9፤ ዘፀአት 18፥13-23፤ ማርቆስ 10፥13-16



የትምህርት ወራት ሲጀመር የማኅበረ ምእመናኑ ሽማግሌዎች ይሰበሰቡና ከአስተማሪዎቹ መካከል አንዱን ጠርተው የሕፃናቱን የሃይማኖት ትምህርት እንዲመራ አደራ ይሰጡታል። የተጠራው ሰው ደስታና ፍርሃት ተቀላቅለውበት ወደ ቤቱ ይመለሳል። ብዙ ጊዜ የሚሰጡት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ እነርሱም የስም መዝገብና የቁም ሣጥን ቁልፍ ናቸው። ሥራው ምን እንደ ሆነ ግን የሚነግረው ሰው አያገኝም። ስለዚህ ይህን ጥናት ከአንደኛ እስከ ስድስተኛ ክፍል ያሉትን ሕፃናት ለሚመሩ አዲስ ኃላፊዎች አዘጋጅተናል። ብቻውን የሚያነበው ቢኖር ይጠቀምበት፤ ከረዳቶቹ ጋር የሚያጠናው ቢኖር ግን ይበልጥ ይጠቀማል።

1. ትምህርቱ የሚሰጥበት ስፍራ

አስቀድመን የቆምንበትን ስፍራ ማወቅ ይገባናል። በምሥራቅ አፍሪቃ ያሉ አገሮች በዚህ ነገር አንድ ሥርዓት የላቸውም። በኬንያ የክርስትና፣ የእስልምናና የሂንዱ ሃይማኖት ትምህርት በአንደኛ ደረጃ መርሐ ትምህርት ውስጥ ስፍራ አላቸው፤ ልጁም ከእነዚህ አንዱን ይማራል። በኢትዮጵያ ግን በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በ11ኛው አንቀጽ መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ መሆናቸውን፣ በ90ኛው አንቀጽም ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነፃ ሆኖ እንዲሰጥ ይደነግጋል። ስለዚህ ትምህርት ቤቱ የቤተ ክርስቲያን ቢሆንም እንኳ በመደበኛው ሰዓት የሚሰጠው የመንግሥት መርሐ ትምህርት ነው። የሃይማኖት ትምህርት የሚሰጠው ከዚያ ሰዓት ውጭ፣ ቅዳሜ ወይም እሑድ፣ ወላጆቻቸው ፈቅደው ለላኳቸው ልጆች ነው።

አንዳንድ ወንድሞች በዚህ ያዝናሉ። እኛ ግን ልናዝንበት አይገባም። ሙሴ በዘዳግም 6 ላይ ቃሉን ለልጆች እንዲያስተምሩ ያዘዘው ንጉሥንና ሹማምንትን ሳይሆን አባቶችንና እናቶችን ነው። ስፍራውም ቤትና መንገድ፣ ጊዜውም ሲተኙና ሲነሡ ነው። እንግዲህ ልጁ በፈቃድ ወደ እኛ ሲመጣ ወላጁ የራሱን አደራ አካፈለን ማለት ነው። ኃላፊውም አስቀድሞ የወላጁን ፈቃድ ይጠይቅ። የጎረቤት ልጅ የሌላ ሃይማኖት ቤት ልጅ ሆኖ ከጓደኞቹ ጋር ቢመጣ፣ አባቱና እናቱ ሳያውቁ በስም መዝገባችን ላይ አንጻፈው። በስውር የተወሰደ ልጅ ወንጌልን እንደ ሌብነት ያየዋልና።

2. እኛ ራሳችን ስለ ሳትነው ነገር

ስለ ሌላው ሰው ስሕተት ከመናገራችን በፊት የራሳችንን እንናገር። ከሴሚናር በወጣንበት ዓመት በአንድ ማኅበረ ምእመናን የሕፃናቱን ትምህርት እንድንመራ ተሰጠን። ስድስት ክፍሎችና ስድስት አስተማሪዎች ነበሩ። እኛም በሁለት ሌሊት 14 ገጽ የሚሆን መመሪያ ጻፍንና አስተማሪዎቹን ሰብስበን አነበብንላቸው። ከመጻፋችን በፊት ግን ከእነርሱ አንዱን እንኳ አልጠየቅንም። ከዚያም በየወሩ በየክፍሉ እየገባን ልጆቹን በቃል እየጠየቅን፣ ለእያንዳንዱ ከ10 ነጥብ እንሰጥ ጀመር።

በሦስተኛው ወር ወደ ሦስተኛ ክፍል ገባን። ጥያቄው የጌታ ጸሎት ነበረ። ዘጠኝ ዓመት የሚሆነው አንድ ልጅ ተነሥቶ በመልካም ድምፅ ጀመረ፤ ስለ ዕለት እንጀራ ከምንለምንበት ስፍራ ሲደርስ ግን ዝም አለ። ጠበቅነው፤ የመጀመሪያውንም ቃል አቀበልነው፤ እርሱ ግን አልቀጠለም። እኛም በመዝገቡ ላይ 4 ጻፍንና አስቀመጥነው። ይህም አልበቃንም፤ ክፍሉ ወደ ኋላ መቅረቱን ለአስተማሪይቱ በልጆቹ ፊት ተናገርን።

አስተማሪይቱ ከሃያ ዓመት በላይ ሕፃናትን ያስተማሩ እናት ነበሩ። በልጆቹ ፊት አንዳች አልመለሱልንም። ሁሉም ከወጡ በኋላ ግን በሩን ገርበብ አድርገው እንዲህ አሉን፦ «ወንድማችን፣ ልጁ ጸሎቱን አልረሳም። ባለፈው ሳምንት ከእኔ ጋር ሲደግመው አንዲት ቃል አልሳተም። አባቱ ሥራ ካጣ ሁለት ወር ሆነው፤ ዛሬ ልጁ የመጣው ሳይበላ ነው። እዚያ ቃል ላይ ሲደርስ ከጉሮሮው አልወጣ አለው። ጠይቀውኝ ቢሆን ኖሮ እነግርዎ ነበር።»

ይህ የመጨረሻው ቃል እስከ ዛሬ ከጆሮአችን አልጠፋም። ዲያቆናቱ ለዚያ ቤት እህል አደረሱ፤ ልጁ ግን በሚቀጥለው ቅዳሜ አልመጣም፤ ከዚያም በኋላ ባለው ቅዳሜ አልመጣም። በአምስተኛው ሳምንት የተመለሰው አስተማሪይቱ ሁለት ጊዜ ቤቱ ድረስ ሄደው ስላመጡት ነው። እኛ ከመመሪያችን ጋር ተቀምጠን ነበርና አልሄድንም። የጌታን ጸሎት ሊመረምር የገባው የሴሚናር ተመራቂ ነበረ፤ ስለ እንጀራ የሚለመነውን ልመና ከሁሉ ይልቅ የተረዳው ግን ያ ዝም ያለ ልጅ ነበረ።

ከዚህ የተማርነውን ነገር በአጭር ቃል እንናገር። የሃይማኖት ትምህርት መሪ ሥራ ቃሉ በግልጥ ወደ ልጁ እንዲደርስ መንገድ መጥረግ ነው። እምነትን ማዘዝም ሆነ መመዘን አልተሰጠውም። ከዚህ በታች የምንጽፈው ሁሉ ከዚህ የሚወጣ ነው።

3. መሪው የረዳቶቹ አገልጋይ ነው

በዘፀአት 18 ላይ ሙሴ ከጠዋት እስከ ማታ ብቻውን ሲፈርድ አማቱ ዮቶር አይቶት፣ ይህ አሠራር እርሱንም ሕዝቡንም እንደሚያደክም ይነግረዋል። የሚሻለውንም ያመለክተዋል፦ የታመኑ ሰዎችን መርጦ የሺህ፣ የመቶ፣ የአምሳና የአሥር አለቆች ያድርጋቸው፤ እርሱም ሥርዓቱን ያስተምራቸው፤ ከባዱን ነገር ብቻ ወደ እርሱ ያምጡ። ሙሴ ታላቅ ነቢይ ሳለ የአማቱን ምክር ሰምቶ ተቀበለ። መምራት በመስማት የሚጀምር መሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

አዲስ ኃላፊ ሁሉን ክፍል ራሱ ሊያስተምር አይችልም፤ ሊያስተምር ቢሞክር እንኳ ይደክማል። ስድስቱን አስተማሪዎች ቢያበረታ ግን በእነርሱ በኩል ሁሉን ልጅ ያስተምራል። ስለዚህ በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ከሥራ በኋላ፣ አንድ ሰዓት ያህል ከረዳቶቹ ጋር ይቀመጥ። በዚያ ሰዓት የሚመጣውን ትምህርት በአንድነት ያንብቡ፤ ከዚያም አንዱ ተነሥቶ ለሌሎቹ እንደ ሕፃናት ቈጥሮ ያስተምራቸው። ሐዋርያው ጴጥሮስም በመጀመሪያ መልእክቱ በምዕራፍ 5 እረኞች በአደራ በተሰጧቸው ላይ በኃይል እንዳይገዙ፣ ነገር ግን ምሳሌ እንዲሆኑ ይመክራል። የረዳትን ስሕተት ማረም የሚያስፈልግ ቢሆን ብቻውን ይጠራ፤ በልጆች ፊት ፈጽሞ አይሁን።

4. ምን እናስተምር?

በ1528 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ማርቲን ሉተር በሳክሶን አገር ማኅበረ ምእመናንን እየዞረ ጎበኘ። በየመንደሩ ያገኘው አሳዘነው፤ ብዙ ሰዎች ተጠምቀው ሳለ አሥሩን ትእዛዛት፣ የሃይማኖት ጸሎትንና የጌታን ጸሎት አያውቁም ነበር፤ ከካህናቱም ብዙዎች ለማስተማር የማይበቁ ነበሩ። በሚቀጥለው ዓመት በ1529 ትንሹንና ትልቁን ካቴኪዝም አወጣ። ትንሹ መጽሐፍ አሥሩን ትእዛዛት፣ የሃይማኖት ጸሎትን፣ የጌታን ጸሎት፣ ጥምቀትን፣ ኑዛዜንና ቅዱስ ቁርባንን ይዟል። ዋና ዋናዎቹንም ክፍሎች የቤት አባት ለቤተ ሰቡ እንዲያስተምራቸው አድርጎ አዘጋጃቸው።

ሉተር በመቅድሙ ለአስተማሪዎች የሰጠው ምክር ሦስት ደረጃ አለው። በመጀመሪያ አንድ ዓይነት ንባብ መርጠው በዚያው እንዲጸኑ፣ ቃሉን ከዓመት ወደ ዓመት እንዳይለዋውጡ፤ ሕፃናትና ያልተማሩ ሰዎች አንዱን ጊዜ በዚህ፣ ሌላውን ጊዜ በዚያ ቢባልላቸው ይደናገራሉና። ሁለተኛ ቃሉ ከተያዘ በኋላ ትርጓሜውን እንዲያስተምሩ፤ ሦስተኛም ከዚያ በኋላ ሰፊውን ትምህርት እንዲያስከትሉ። ይህ ምክር ዛሬም ያገለግላል። በብዙ ስፍራ አንደኛ ክፍል የጌታን ጸሎት በአንድ ንባብ፣ ሦስተኛ ክፍል በሌላ ንባብ ሲማረው እናያለን፤ ልጁም ክፍል ሲለውጥ እንደ ገና ይጀምራል። ኃላፊው ሊያደርገው የሚችለው የመጀመሪያው ትልቅ ሥራ ስድስቱ ክፍሎች በአንድ ንባብ እንዲስማሙ ማድረግ ነው።

የክፍሎቹን ድርሻ በዚህ መልክ ብንከፍለው መልካም ይመስለናል። አንደኛና ሁለተኛ ክፍል የወንጌል ታሪኮችን፣ የጌታን ጸሎትና ጥቂት መዝሙሮችን ይማሩ። ሦስተኛና አራተኛ ክፍል አሥሩን ትእዛዛትና የሃይማኖት ጸሎትን ከትርጓሜያቸው ጋር ይያዙ፤ የብሉይ ኪዳንንም ታሪክ በተራ ይስሙ። አምስተኛና ስድስተኛ ክፍል ስለ ጥምቀት፣ ስለ ኑዛዜና ስለ ጌታ እራት ይማሩ፤ አንድ ወንጌልም በገዛ ዓይናቸው ያንብቡ። የማርቆስ ወንጌል 16 ምዕራፎች አሉት፤ በየሁለት ሳምንቱ አንድ ምዕራፍ ቢነበብ በ32 ሳምንታት ይፈጸማል።

አሠራሩን ስትመረምሩ ምናልባት አንድ ጉድለት ታገኙ ይሆናል። የኖኅ መርከብ፣ የዳዊትና የጎልያድ፣ የዳንኤልና የአንበሶቹ ታሪክ በየክፍሉ በየዓመቱ ይደጋገማል፤ ለማስተማር ቀላልና ለልጅም ደስ የሚያሰኙ ናቸውና። የጌታ መከራና ትንሣኤ ግን የበዓል ሰሞን ሲደርስ በአንድ ቀን ይታለፋል፤ የጰራቅሊጦስ ነገርም ይረሳል። ክርስቶስ የተሰቀለበትና የተነሣበት ምክንያት ያልተነገረው ልጅ ብዙ ጀግኖችን ያውቅ ይሆናል፤ አዳኙን ግን ገና አላወቀም።

5. እንዴት እናስተምር?

ቃሉ ልጁ በቤቱ በሚናገረው ቋንቋ ይድረሰው። ይህ በአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። ኦኔሲሞስ ነሲብና አስቴር ጋኖ ከባርነት ነፃ ወጥተው በምጽዋ አጠገብ በምንኩሉ በስዊድን ሚስዮን ትምህርት ቤት ተማሩ። በ1894 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የኦሮምኛ ማንበቢያ መጽሐፍ አሳተሙ፤ በ1899ም የመጽሐፍ ቅዱስ ትርጉም በኦሮምኛ ታተመ። በማንበቢያው ውስጥ የሕዝቡን የራሱን ታሪክ፣ ተረትና ምሳሌ ሰብስበው አስገቡ። ልጁ የሚያውቀውን ነገር በፊደል ሲያየው ማንበብን እንደሚወድ ተረድተው ነበር። በክፍላችን ሁለትና ሦስት ቋንቋ የሚናገሩ ልጆች ቢኖሩ፣ ታሪኩ በአማርኛ ከተነገረ በኋላ አንዱ ልጅ ለጓደኛው በቤታቸው ቋንቋ ይንገረው። እንደ ገና መንገር ከሁሉ የሚበልጥ መድገሚያ ነው።

የአንዱን ትምህርት ጊዜ 40 ደቂቃ ብናደርገው፣ 5 ደቂቃ ለጸሎትና ለመዝሙር፣ 10 ደቂቃ ያለፈውን ለመድገም፣ 15 ደቂቃ ታሪኩን ለመንገር፣ የቀረው 10 ደቂቃ ለጥያቄ ይሁን። ታሪኩ ከወረቀት አይነበብ፤ አስተማሪው አጥንቶት የልጆቹን ዓይን እያየ ይንገራቸው።

ስለ ጥያቄ ጥቂት እንጨምር። በሐዋርያት ሥራ 8 ላይ ፊልጶስ ወደ ኢትዮጵያዊው ጃንደረባ ሠረገላ ሲቀርብ ስብከት አልጀመረም፤ የሚያነበውን ያስተውለው እንደ ሆነ ጠየቀው። ጌታችንም በ12 ዓመቱ በቤተ መቅደስ ሲገኝ፣ በመምህራን መካከል ተቀምጦ ይሰማና ይጠይቅ ነበር። እንግዲህ የማይጠይቅና የማይሰማ አስተማሪ ከጌታው የተለየ መንገድ ይሄዳል። ጥያቄ ሦስት ዓይነት ነው። የጠፋውን በግ ታሪክ በሉቃስ 15 ብንወስድ፣ በጎቹ ስንት ነበሩ? ብለን ብንጠይቅ የማስታወስ ጥያቄ ነው። እረኛው ዘጠና ዘጠኙን ትቶ ስለ ምን ሄደ? ብንል የማስተዋል ጥያቄ ነው። ዛሬ ከመካከላችን የሌለ ማን ነው? ብንል ግን ታሪኩ ወደ ክፍላችን ገባ። ብዙ አስተማሪዎች በመጀመሪያው ዓይነት ይቆማሉ፤ ኃላፊው እስከ ሦስተኛው እንዲደርሱ ይርዳቸው።

6. ስለ ፈተናና ስለ መዝገብ

ልጆችን መመርመር ክፉ ነው አንልም። ታሪኩን ያውቃልን? ትእዛዛቱን በተራ ይላቸዋልን? ቃሉ ምን ማለት እንደ ሆነ በራሱ አነጋገር ሊናገር ይችላልን? እነዚህን መጠየቅ ተገቢ ነው፤ እውቀት ይመረመራልና። እምነት ግን ከዚህ የተለየ ነው። በ1530 የወጣው የአውግስበርግ የእምነት መግለጫ በ5ኛው አንቀጹ፣ ወንጌልን በሚሰሙ ሰዎች ውስጥ እምነትን የሚሠራ መንፈስ ቅዱስ እንደ ሆነ፣ ይህም የሚሆነው እግዚአብሔር በወደደበት ስፍራና ጊዜ እንደ ሆነ ያስተምራል። ስፍራውና ጊዜው በእግዚአብሔር እጅ ከሆነ፣ ከ10 ነጥብ 4 ብለን የምንጽፈው እኛ ማን ነን? ለቃል ጥናት ነጥብ ብንሰጥ እንኳ ልጁ ነጥቡን የእምነቱ መጠን አድርጎ እንዳይመለከተው በግልጥ እንንገረው። በቃል ያልያዘውን ልጅ በበትርም ሆነ በማሳፈር አንቅጣ። ደቀ መዛሙርቱ ሕፃናትን ሲከለክሉ ጌታችን የተቆጣው በሕፃናቱ ላይ ሳይሆን በደቀ መዛሙርቱ ላይ ነበረ።

እንግዲህ የስም መዝገቡ ለምን ይጠቅማል? እረኛው አንዱ በግ መጥፋቱን ያወቀው መቶውን ስለ ቈጠረ ነው። መዝገቡም እንደዚሁ የእረኛ መቁጠሪያ ነው። ቅዳሜ ትምህርቱ ሲፈጸም ኃላፊው ስድስቱን መዝገቦች ተቀብሎ የቀሩትን ልጆች ስም ያንብብ። አንድ ልጅ ሁለት ሳምንት ቢቀር አስተማሪው ወይም ኃላፊው ወደ ቤቱ ይሂድ። ምናልባት ታሞ ይሆናል፤ ምናልባት ታናሹን እየጠበቀ ይሆናል፤ ምናልባትም የሚለብሰው አጥቶ ይሆናል። ስለ ዕለት እንጀራ የሚለመነው ልመና ምግብን ብቻ ሳይሆን ልብስን፣ ቤትን፣ ሰላምንና መልካም ጎረቤትን ሁሉ እንደሚጨምር ትንሹ ካቴኪዝም ያስተምረናል። ልጁን ያስተማርነውን ልመና ዲያቆናቱ በእጃቸው ይተርጉሙለት።

7. የመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት

በመጀመሪያው ወር ስማ። በእያንዳንዱ ክፍል ሁለት ጊዜ ከኋላ ተቀምጠህ ተመልከት፤ በልጆቹ ፊት አትጻፍ። ለእያንዳንዱ አስተማሪ ሦስት ጥያቄ አቅርብ፦ በደስታ የምታስተምረው ምንድር ነው? የሚከብድህስ? በልብህ የምታስበው ልጅ ማን ነው? በዚህ ወር አንዳች ነገር አትለውጥ።

በሁለተኛው ወር ሰብስብ። በየክፍሉ የሚሰጠውን ሁሉ በአንድ ወረቀት ላይ ጽፈህ ከረዳቶችህ ጋር ተመልከተው፤ የሚደጋገመውንና የተረሳውን እነርሱ ራሳቸው ያሳዩህ።

በሦስተኛው ወር በአንድ ገጽ የሚያልቅ ዕቅድ በአንድነት ጻፉ። ከአንድ ገጽ የሚበልጠውን ማንም አያነበውም፤ የእኛ 14 ገጽ ለዚህ ምስክር ነው። ከዚያም ለሽማግሌዎችና ለወላጆች አንብቡላቸው፤ ልጁ በዚህ ሳምንት የሚማረውን ወላጁ ቢያውቅ በማታ ጸሎት ይደግመዋልና።

ከዚህ ሁሉ ጋር ኃላፊው ራሱ መማርን አይተው። ሉተር የሥነ መለኮት ሊቅና ሰባኪ ሳለ ካቴኪዝሙን እንደ ሕፃን ዕለት ዕለት እንደሚደግመው በትልቁ ካቴኪዝም መቅድም ጽፏል። ያዕቆብም በመልእክቱ በምዕራፍ 3 አስተማሪዎች የባሰውን ፍርድ እንደሚቀበሉ ያስጠነቅቃል። ይህ እንዲያስፈራን ብቻ ሳይሆን በየቀኑ ወደ ጸጋው እንዲመልሰን የተጻፈ ነው። የሳተ መሪ በአስተማሪዎቹ ፊት ይቅርታ ቢለምን ክብሩ አይቀንስም። እኛም ከዚያች እናት ይቅርታ ለምነን አገኘን፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ያለ እርሳቸው ምክር አንዲት መስመር አልጻፍንም።

የጥናት ጥያቄዎች

1. በማኅበራችሁ ወላጆች ልጆቻቸውን ሲልኩ የሚማሩትን ያውቃሉን? ካላወቁ ምን ታደርጋላችሁ?
2. ዮቶር ለሙሴ የሰጠው ምክር ለሕፃናት ትምህርት ኃላፊ እንዴት ይጠቅማል?
3. በክፍሎቻችሁ የጌታ ጸሎትና አሥሩ ትእዛዛት በአንድ ንባብ ይሰጣሉን?
4. ከወንጌል ታሪኮች አንዱን መርጣችሁ የማስታወስ፣ የማስተዋልና የሕይወት ጥያቄ አዘጋጁ።
5. ባለፈው ወር ከመዝገባችሁ የቀረ ልጅ ማን ነው? ማንስ ወደ ቤቱ ይሄዳል?

ጸሎት

ሕፃናትን ወደ አንተ ያቀረብህ ጌታ ሆይ፤ አንተ ባቀፍሃቸው ልጆች ፊት በትዕቢት ስለ ቆምንበት ቀን ይቅር በለን። ሕፃናትን እንዲያስተምሩ ለጠራሃቸው ባሪያዎችህ የሚሰማ ጆሮ፣ የሚታገሥ ልብና እውነተኛ ቃል ስጣቸው። በመዝገባችን የተጻፈውን ስም ሁሉ አንተ በእጅህ ጠብቅ፤ የቀረውን ፈልገን እንድናመጣው እግራችንን አበርታ። የዕለት እንጀራ ያጣውን ቤት አስበው፤ እኛንም ለዚያ ቤት እጅህ አድርገን። እምነትን የሚሰጥ ቅዱስ መንፈስህ በዘራነው ቃል ላይ ይሥራ። አሜን።